በእንግሊዝ ገጠር ቢራቢሮ ፎቶ ማንሳት፦ ከየት እንጀምር?

የደቡብ ለንደኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ወፍ የምትጽፉትን ሁሌ እከታተላለሁ። ስለ ቢራቢሮ ግን ፈልጌ አላገኘሁምና ልጠይቅ። የምንኖረው ክሮይደን ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት አባጨጓሬ አሳድገው ቢራቢሮ ሲሆን ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ቅዳሜና እሁድ አብረን በእግር እንወጣለን። እኔ ደግሞ ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ። ያለኝ ስልኬ ነው፤ አንድ ቆየት ያለ ካሜራም ከነሌንሱ ቤት አለ።

ችግሩ ወይ ቢራቢሮ አናገኝም፣ ወይ ያገኘነው አይቆምልንም። ሰፈራችን ያለው ፓርክ ሣሩ ሁሌ እንደታጨደ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ነጭ ብልጭ ይላል፣ ልጄ ትሮጣለች፣ እሱ አጥሩን አልፎ ይሄዳል። መስከረም ላይ አደይ አበባ መሃል የሚርመሰመሰውን ለለመደ ሰው ይሄ ያሳዝናል። እንግሊዝ አገር ቢራቢሮ የለም እንዳልል ደግሞ ሰዎች የሚለጥፉት ፎቶ ያስቀናል።

የት ብንሄድ ይሻላል? መኪና የለንም፤ በባቡር ወይም በአውቶቡስ የሚደረስ ቢሆን። በስንት ሰዓት እንውጣ? ካሜራው ይበቃኛል ወይስ ሌላ ልግዛ? አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልጠይቅ። ገጠር ስንወጣ መንገዱ የሰው እርሻ መሃል ይገባል። እዚያ ማለፍ በእርግጥ ይፈቀዳል? ሻሽ ያሰረች ሐበሻ ካሜራ ይዛ የሰው አጥር ሥር ስታጎነብስ ቢያዩ ምን ይሉኛል እያልኩ ከመንገድ እመለሳለሁ።

መነጽር፦

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ ብዙ ወገናችንን ቤት የሚያስቀረው እሱ ነው። ይፈቀዳል። ፐብሊክ ፉትፓዝ የሚባለው መንገድ የግል እርሻ አቋርጦ ቢያልፍም ማንም ሰው በእግሩ የመሄድ ሕጋዊ መብት አለው። በሩ ወይም ምሰሶው ላይ ቢጫ ቀስት ታያለሽ። የኦርድናንስ ሰርቬይ ኤክስፕሎረር ካርታ ላይ ደግሞ በአረንጓዴ የተቆራረጠ መስመር ተሥሏል። መንገዱን ሳትለቂ ሂጂ፣ የከፈትሽውን በር ዝጊ፣ ላም ከነጥጃዋ ካየሽ ራቅ ብለሽ እለፊ። በቃ። እኔ በእነዚህ መንገዶች ለዓመታት ስዞር ገበሬ ያስቆመኝ "ዛሬ ምን አየህ?" ብሎ ለመጠየቅ ነው። ሰላም በያቸው። ከተማ ውስጥ የማይተያየው ሕዝብ ገጠር መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ሳይባባል አያልፍም።

አሁን ወደ ቢራቢሮው። ልጅሽ አታባር። ቢራቢሮ ተክሉ ጋ ተሂዶ ይጠበቃል እንጂ ተባሮ አይያዝም። ለምን መሰለሽ፣ አባጨጓሬው መራጭ ነው። ብዙው ዝርያ ከአንድ ወይም ከጥቂት የተክል ዓይነት ሌላ አፉ ላይ አያደርግም። እናቲቱም እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው ተክል ላይ ነው። ተክሉን ያወቀ ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

እኛ ደግሞ ብዙዎቹን ተክሎች ወይ ራሳቸውን ወይ ዘመዶቻቸውን እናውቃለን። ሳማን ውሰጂ። በየአጥሩ ሥር የምትሸሺው ሳማ የፒኮክ፣ የስሞል ቶርቶይስሼልና የሬድ አድሚራል አባጨጓሬዎች ቀለብ ነው። ብሪምስቶን የሚባል ሎሚ የመሰለ ቢጫ አለ፤ ክረምቱን አረግ ውስጥ ተደብቆ ያሳልፍና ገና ማርች ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል ይወጣል። እሱ እንቁላሉን የሚጥለው ባክቶርን በሚባል ቁጥቋጦ ላይ ነው። ባክቶርን ከጠጃችን ጌሾ ጋር አንድ ወገን ነው። ፔይንትድ ሌዲ ኮሸሽላ ይወዳል። ልጅሽን በዚህ አስጀምሪያት፤ ቢራቢሮ ሳይሆን ተክል ትፈልግ።

ክሮይደን ከሆናችሁ ሩቅ አትሂዱ። ኒው አዲንግተን አጠገብ ሃቺንሰንስ ባንክ የሚባል ቁልቁለት አለ፤ በትራም ይደረሳል። የሚንከባከበው ለንደን ዋይልድላይፍ ትረስት ነው። መሬቱ ጠመኔ ነው። የጠመኔ አፈር ስስና ድሃ ስለሆነ ጉልበተኛ ሣር አይንሰራፋበትም፣ ስለዚህ ትንንሽ አበቦች ቦታ ያገኛሉ፣ አበባ ባለበት ደግሞ ቢራቢሮው አለ። ሜይና ጁን ላይ ብትሄዱ ስሞል ብሉን ታገኙ ነበር፤ የዚህ አገር ትንሹ ቢራቢሮ ነው፣ የጥፍር ያህል ብቻ። አሁን ጁላይ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሌላው ሁሉ የሚወጣበት ጊዜ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እኔ በበጎ ፈቃድ የቢራቢሮ ቆጠራ እሠራለሁ። ከ1976 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚካሄድ ክትትል ነው። አንድ ቋሚ መንገድ ትይዢያለሽ፣ ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ በየሳምንቱ እሱኑ ትሄጃለሽ፣ በአምስት ሜትር ስፋት ውስጥ ያየሽውን ትመዘግቢያለሽ። ደንቡ ለጥያቄሽ መልስ አለው። የሚቆጠረው በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 10፡45 እስከ ከሰዓት በኋላ 3፡45 ነው። ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ አንወጣም። ከ13 እስከ 17 ፀሐይ መኖር አለበት። ከ17 በላይ ከሆነ ደመናም ቢሆን ዝናብ እስካልጣለ ይቆጠራል። ቢራቢሮ ሰውነቱን የሚያሞቀው በፀሐይ ነውና ካልሞቀው መነሳት አይችልም።

ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ረጅም ሣር ውስጥ መዥገር አለ። ቤት ስትገቡ የልጅቷን ጉልበት ጀርባ፣ ብብትና የፀጉር ሥር እዪ። ከቀናት በኋላ ክብ ሆኖ የሚሰፋ ቀይ ምልክት ከወጣ ቶሎ ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ጋ ሂዱ፤ ላይም የሚባለው በሽታ ቶሎ ከተያዘ በመድኃኒት ይድናል።

ጎመን ዘሪዋ፦

የኔ ልጅ፣ ወንድሜ መነጽር ጥሩ ነግሮሻል። እኔ ደግሞ ከጓሮ ልጨምርልሽ። ሊድስ ነው ያለሁት፤ አሎትመንት (ተከራይቼ የማለማው የጓሮ አትክልት ቦታ) አለኝ፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም እዘራለሁ። ጎመን ያለበት ቦታ ሁሉ ቢራቢሮ አለ። እናንተ ፓርክ ውስጥ የምታዩት ነጭ ምናልባት የጎመን ደንበኛ ነው።

ሁለት ናቸው። ላርጅ ዋይት የሚሉት ትልቁ ቢጫ እንቁላሎቹን ቅጠሉ ላይ ሰብስቦ ይጥላል። የሱ ልጆች ቢጫና ጥቁር ናቸው፣ አብረው ነው የሚበሉት፣ ዞር ብለሽ እስክትመለሺ የቅጠሉን ጅማት ብቻ ያስቀሩልሻል። ስሞል ዋይት የሚሉት ትንሹ ግን እንቁላሉን አንድ አንድ እያደረገ ነው የሚያስቀምጠው። የሱ ልጅ አረንጓዴ ስለሆነ ቅጠሉ መሃል አይለይም። ብዙ ሰው መርዝ ይረጫል። እኔ አልረጭም። የምንበላውን ጎመን ቀዳዳው ትንሽ በሆነ መረብ እሸፍነዋለሁ። ጥቂት እግር ጎመን ግን ከመረቡ ውጭ እተውላቸዋለሁ፣ አጠገቡም ናስተርሺየም የምትባለውን ብርቱካንማ አበባ እዘራለሁ። እሷንም ይበላሉ። ሁላችንም እንጠግባለን።

ልጅሽ ከእንቁላል ጀምሮ ማየት ከፈለገች እንዲህ ያለ ቦታ ከሜዳው ይሻላታል፤ እየተመላለሰች ታየዋለች። አንድ ነገር ንገሪያት። አንዳንዴ ከሞተ አባጨጓሬ አጠገብ ቢጫ የጥጥ ፍሬ የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች ተከማችተው ታገኛለች። እንቁላሉ መስሏቸው የሚያዝኑ አሉ። አይደለም። ትንሽ ተርብ ናት፤ እንቁላሏን አባጨጓሬው ውስጥ ጥላ፣ ልጆቿ እዚያ ውስጥ አድገው፣ ወጥተው የሠሩት ቤት ነው። ጎመኔን መርዝ ሳልረጭ የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። የሚረጭ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው እሷን ነው።

ባድሊያ የሚሉት ባለ ሐምራዊ አበባ ቁጥቋጦም አለ፤ ከቻይና የመጣ ነው፣ የአገራችን የአንፋር ዘመድ ነው። ባቡር ሐዲድ ዳር፣ ፈራሽ ግድግዳ ላይ ሁሉ ራሱ ይበቅላል። ጁላይና ኦገስት ሲያብብ ፒኮኩ፣ ሬድ አድሚራሉ ይሰፍርበታል። ማሩን ይጠጣሉ እንጂ ልጆቻቸውን አያሳድጉበትም። ለልጆቻቸው ሳማው ያስፈልጋል። ፀሐይ የሚመታው ሳማ ካላችሁ እባካችሁ አትንቀሉት።

የደቡብ ለንደኗ፦

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ "እኛስ መቼ ነው ጎመን የምንዘራው?" ብላ ይዛኛለች። ጋሼ መነጽር፣ ያሉኝን ሰምቼ ቅዳሜ ሃቺንሰንስ ባንክ ሄድን። ቢጫውን ቀስት ልጄ ናት እየፈለገች የመራችኝ። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሽማግሌ ባልና ሚስት ቆመው የትኛው ቁጥቋጦ ላይ ብዙ እንዳለ አሳዩን።

ቢራቢሮ ጠግበን ተመለስን። ስማቸውን ግን አላወቅንም። አንዱ ቡናማ ነው፣ መሃሉ ብርቱካንማ፣ ክንፉ ጫፍ ላይ ጥቁር ዓይን የመሰለ ነጥብ አለው፣ እንጆሪ አበባ ላይ ነበር የተቀመጠው። ሌላው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ዳማ መጫወቻ ገበታ የመሰለ። ሦስተኛው በጣም ያምራል፤ አብረቅራቂ ጥቁር ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚበረው፣ ሐምራዊ አበባ ላይ ተኝቶ ስንጠጋው እንኳ አልተነሳም። ፎቶዎቹ ግን ደብዝዘዋል። ከሩቅ ሳነሳ ትንሽ ነጥብ ይሆናል፣ ስጠጋ ይሄዳል።

ልጄ ደግሞ ፐርፕል ኤምፐረር የሚባለውን መጽሐፍ ላይ አይታ ካላየሁት ብላለች። ይገኛል?

ሌንስና ምርኩዝ፦

ሰላም እህት። ሌላ ካሜራ አትግዢ፤ ቢያንስ ለአሁኑ። ያለሽ ካሜራ ይበቃል።

መጀመሪያ መጠጋቱን እንይ። ቢራቢሮ በደንብ የሚያየው እንቅስቃሴንና ጥላን ነው። ፀሐይዋ ከየት እንደሆነች አይተሽ ጥላሽ እንዳያርፍበት ዞረሽ ነይ። ጥላ ነካው ማለት ሄደ ማለት ነው። ቁመትሽን ዝቅ አድርጊ፣ ከሩቅ ጀምሮ ካሜራውን ዓይንሽ ላይ አድርገሽ ቅረቢ፣ አጠገቡ ደርሰሽ እጅሽን ብታነሺ ይበራል። አንድ እርምጃ፣ ቆም። አንድ እርምጃ፣ ቆም። ማር መምጠጥ ሲጀምር ጠብቂው፤ ያኔ ሐሳቡ አበባው ላይ ነው። ቢነሳም አትከተይው። ብዙዎቹ ዞረው እዚያው አካባቢ ይመለሳሉ።

ሁለተኛው የካሜራው አቀማመጥ ነው። ቅርብ ስታነሺ ጥርት ብሎ የሚወጣው በጣም ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ይደበዝዛል። ስለዚህ የካሜራው ጀርባ ከክንፉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ክንፉን ከዘረጋ ከላይ፣ ከገጠመ ከጎን። ብዙ ሰው አግድም ያነሳና አንዱ ክንፍ ጠርቶ ሌላው ይጠፋበታል። ሌንስሽን እስከ ጫፉ አስረዝሚው፣ የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ 8 ላይ (f/8) አድርጊ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ከሰከንድ 1/500 አታውርጂ፣ ብርሃኑ ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጊ። ትንሽ ሸካራ የሆነ ፎቶ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል። ትኩረቱ ዓይኑ ላይ ይረፍ፤ ዓይኑ ከጠራ ሰው ሌላውን ይቅር ይላል። በስልክ ከሆነ እንደ መስታወት አፍንጫው ሥር አትውሰጂው፤ ራቅ ብለሽ ሁለት እጥፍ አቅርቢና በተከታታይ አንሺ። ወደፊት ገንዘብ ሲገኝ ያገለገለ 90 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገር በቅርብ ለማንሳት የተሠራ) ፈልጊ። ከዚያ በፊት ግን ኤክስቴንሽን ቲዩብ የሚባል ባዶ ቀለበት አለ፣ በካሜራውና በሌንሱ መሃል ይገባል፣ ርካሽ ነው፣ ያለሽን ሌንስ ቅርብ እንዲያነሳ ያደርገዋል።

ሰዓቱ ላይ ከመነጽር ትንሽ እለያለሁ። እሱ ለመቁጠር ነው፤ የሚበር ቢራቢሮ ይፈልጋል። ፎቶ አንሺ የሚፈልገው የማይበረውን ነው። በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት ከ8 እስከ 10 ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይገኛል። ማታ ደግሞ ኮመን ብሉ የሚባሉት ሰማያዊዎች የሣር ጫፍ ላይ ራሳቸውን ዘቅዝቀው፣ ብዙ ሆነው አንድ ቦታ ያድራሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሚገኘው ብርሃን ደግሞ የትም የለም። እኔ ከሁሉ የምወደው ደመና መጥቶ ሄዶ የሚያደርግበትን ቀን ነው፤ ደመናው ሲሸፍን ያርፋሉ፣ አንቺ ትጠጊያለሽ፣ ፀሐይዋ ስትመለስ ክንፋቸውን ይከፍቱልሻል።

አንዳንድ ሰው ቢራቢሮ ይዞ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዞ ሲደነዝዝ ያነሳዋል። ይሄን የሚያደርግ ሰው ፎቶውን ምንም ያህል ቢያምር አላይለትም። ዕድሜው ጥቂት ሳምንት ለሆነ ፍጡር አንድ ጠዋት ብዙ ነው።

ስማቸውን ልንገርሽ። ቡናማውና ብርቱካንማው ጌትኪፐር ሳይሆን አይቀርም። ጥቁሩን ዓይን አጉልተሽ እዪው። ውስጡ ሁለት ነጭ ነጥብ ካለ ጌትኪፐር ነው፣ አንድ ብቻ ከሆነ ሚዶው ብራውን። ጌትኪፐር አጥርና እንጆሪ ይወዳል፣ ሚዶው ብራውን ክፍት ሣር። ባለ ዳማው ማርብልድ ዋይት ነው፤ ስሙ ነጭ ቢሆንም ከነጮቹ ወገን አይደለም፣ የቡናማዎቹ ዘመድ ነው። ጥቁርና ቀዩ ቢራቢሮ ሳይሆን ቀን የሚበር የእሳት ራት ነው፣ ሲክስ ስፖት በርኔት ይሉታል። ሰውነቱ ውስጥ የሳያናይድ መርዝ ስላለው ወፍ አይነካውም። ለዚህ ነው ስትጠጊው ያልሸሸው።

የኖርዊቹ፦

ጥሩ ወሬ ይዛችኋል። ፔይንትድ ሌዲን መነጽር በአንድ ቃል አለፈው፤ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም።

ይሄ ቢራቢሮ የእንግሊዝን ክረምት አይችልም። በየዓመቱ የሚመጣው ከደቡብ ነው። ከአፍሪካ ይነሳል፣ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል፣ መንገድ ላይ ይወልዳል፣ የተወለደው ይቀጥላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሜይና ጁን ላይ እዚህ ይደርሳል። ድሮ እዚህ መጥቶ የሚሞት ይመስላቸው ነበር፣ ምክንያቱም በልግ ላይ ሲመለስ ማንም አላየውም። በኋላ በራዳር ሲከታተሉት ከመሬት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ነፋስ ተሳፍሮ ወደ ደቡብ እንደሚመለስ ታወቀ። ደርሶ መልሱ 15,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የሚጨርሰው ግን የጀመረው አይደለም፣ የልጅ ልጅ ልጆቹ ናቸው። በ2009 እና በ2019 እጅግ ብዙ ሆኖ መጥቶ ነበር። ኢትዮጵያም ውስጥ አለ፣ ያው ዝርያ ነው። እህቴ አደይ አበባ መሃል ያየሻቸው ውስጥ እሱ ሊኖር ይችላል። ብርቱካንማ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለው። ባየሽው ቁጥር ለልጅሽ ይሄን ንገሪያት።

ወደኛ ዘንድ ከመጣችሁ ደግሞ ስዋሎውቴይል አለ። የብሪታንያ ትልቁ አገር በቀል ቢራቢሮ ነው፣ ቢጫና ጥቁር፣ ኋላው ጅራት ያለው። ከኖርፎክ ብሮድስ ረግረግ ውጭ እዚህ አገር አይራባም። አባጨጓሬው ሚልክ ፓርስሊ የምትባል የረግረግ ተክል ካላገኘ አያድግም፣ ተክሏም በብዛት ያለችው እዚያ ነው። ስትራምፕሾ ፌን ሂዱ፤ ከኖርዊች በባቡር ብራንዶል ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። ዋናው ጊዜው ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ስለሆነ ለዘንድሮ እየመሸ ነው። አንዳንድ ዓመት ኦገስት ላይ ጥቂት ይወጣል። ለከርሞ ጁን መጀመሪያ ላይ ያዙት።

ቀይ ቦቲ፦

ለፐርፕል ኤምፐረሩ ቀላል ዘዴ አለ። አበባ አይወድም፤ የሚወደው ፋንድያ፣ የሞተ እንስሳ፣ የሚሸት ነገር ነው። የቻይና ሱቅ የሚሸጥ የተብላላ ሽሪምፕ መንገዱ ላይ ቀብተሽ ጠብቂ። ይወርዳል። ብዙ ፎቶ አንሺ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

መነጽር፦

ወንድሜ ቀይ ቦቲ፣ እውነት ነው፣ ያደርጉታል። እኔ ግን ለልጅ የማስተምረው ነገር አይደለም እላለሁ። ሽሪምፑ የተቀባበት ቦታ ሰው ይከማቻል፣ ዳር ዳሩ ይረገጣል፣ የሚረገጠው ቅጠል ላይ የሌላ ቢራቢሮ እንቁላል አለ። ደግሞ አያስፈልግም። ጠዋት ላይ ወንዶቹ ራሳቸው ከዛፍ ወርደው ከእርጥብ መሬትና ከፋንድያ ማዕድን ይመጥጣሉ። ፀጥ ብሎ የጠበቀ ያገኛል።

እህቴ፣ ጊዜው አሁን ነው፤ ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ መጨረሻ። ለናንተ የምመክረው ዌስት ሰሴክስ ያለው ኔፕ ነው፤ በባቡር ሆርሻም ድረስ፣ ከዚያ ታክሲ። የኔፕ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። 3,500 ኤከር የእርሻ መሬት ነበር። ሸክላ አፈሩ ለእርሻ አልሆን ሲላቸው ከ2001 ጀምሮ ማረሱን ትተው ከብት፣ ፈረስ፣ አሳማና አጋዘን ለቀቁበት። ባዶው መሬት ላይ ሳሎው የሚባል የአኻያ ወገን ራሱ በቀለ። የኤምፐረሩ አባጨጓሬ የሚበላው እሱን ነው። ማንም ቢራቢሮ አላመጣም፤ ተክሉ በዛ፣ ቢራቢሮው ተከተለ። አሁን የብሪታንያ ትልቁ የኤምፐረር መገኛ እዚያ ነው። የሕዝብ መንገዶች ያቋርጡታል፣ መግባት ትችላላችሁ። ወንዱ ብቻ ነው ሐምራዊ የሚያብረቀርቀው፣ እሱም ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ሲመታው። ልጅሽ መጀመሪያ ጥቁር ነው ብላ ቅር ቢላት ትጠብቅ፤ ዞር ሲል ታየዋለች።

የደቡብ ለንደኗ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኔፕን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘነዋል። ቆጠራ ያሉትን ልጄ ሰምታ እኔም እቆጥራለሁ እያለች ነው። በዚህ ዕድሜ ይቻላታል? አገሩ ሁሉ ሜዳ ሆኖ ቢራቢሮ ለምን ያንሳል የሚለውንም መመለስ አቅቶኛል።

መነጽር፦

ይቻላታል። ቢግ በተርፍላይ ካውንት የሚባል አለ፣ ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ይካሄዳል። የሚያዘጋጀው በ1968 የተቋቋመው በተርፍላይ ኮንሰርቬሽን ነው። አንድ ቦታ መርጣ 15 ደቂቃ ትቆጥራለች፣ በነጻ አፑ ትልካለች። ምንም ካላየችም ዜሮ ብላ ትላክ፤ እሱም መረጃ ነው። በ2024 ሰው በአማካይ በአንድ ቆጠራ 7 ብቻ ነው ያየው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 12 ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ድርጅቱ የቢራቢሮ አስቸኳይ ሁኔታ ብሎ አወጀ። ያ ማስጠንቀቂያ የመጣው እንደ ልጅሽ ያሉ ሰዎች ቆጥረው በላኩት ነው።

ለምን ያንሳል ላልሽው፣ አረንጓዴ ሁሉ ሜዳ አይደለም። ከ1930ዎቹ ወዲህ ይህ አገር አበባ ካለባቸው ሜዳዎቹ 97 በመቶውን አጥቷል። ታርሰዋል፣ ማዳበሪያ ተደርጎባቸዋል። ከመንገድ የምታዪው ለምለም ሣር አንድ ዓይነት ሣር ብቻ ነው፤ ለቢራቢሮ ከአስፋልት ብዙም አይሻልም።

ዝም ብሎ አጥሮ መጠበቅም አይበቃም። ላርጅ ብሉ የሚባለውን ንገሪያት። አባጨጓሬው መጀመሪያ የጦስኝ አበባ ይበላል፣ አዎ የኛው የጦስኝ ወገን። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ መሬት ይወድቃል። አንዲት ቀይ ጉንዳን ታገኘውና የራሷ ልጅ መስሏት ጎጆዋ ታስገባዋለች። እዚያ ውስጥ አሥር ወር ያህል የጉንዳኗን ልጆች እየበላ ያድጋል። ሰዎች ቦታውን አጥረው ጠበቁት፣ ቢራቢሮው ግን ማለቁን ቀጠለ፣ በ1979 ከብሪታንያ ጠፋ። ጄረሚ ቶማስ የሚባል ሳይንቲስት ነው ምክንያቱን ያገኘው። የምትሆነው ጉንዳን አንዲት ዝርያ ብቻ ናት፣ እሷም ሞቃት አፈር ትፈልጋለች። ጥንቸሎቹ በ1950ዎቹ በበሽታ ሲያልቁ፣ ግጦሹም ሲቀር፣ ሣሩ ረዘመ፣ አፈሩ ቀዘቀዘ፣ ጉንዳኗ ሄደች። በ1980ዎቹ ቢራቢሮውን ከስዊድን አመጡት፣ ከብት መልሰው ለቀቁ፣ ተመለሰ። ዛሬ ሶመርሴት ያለው ኮላርድ ሂል ላይ ጁን ወር ማንም ሄዶ ሊያየው ይችላል። በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ መያዝ ክልክል ነው።

ለኦገስት ደግሞ ዴንቢስ ሂልሳይድን ያዙ። ከዋተርሉ ወይም ከቪክቶሪያ በባቡር ቦክስ ሂል ኤንድ ዌስትሃምብል ወርዳችሁ በእግር ነው። ቾክሂል ብሉና አዶኒስ ብሉ አንድ ቁልቁለት ላይ ይገኛሉ። አዶኒሱ እንደ መስቀል ሰማይ ደማቅ ነው፣ የክንፉን ነጭ ጠርዝ ጥቁር መስመሮች ይቆርጡታል፤ ኮመን ብሉ ጠርዙ ንጹሕ ነጭ ነው። ቁልቁለቱ ጥላ የለውም፣ ውኃና ኮፍያ ያዙ። በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 10 በፊት ከደረሳችሁ ሌንስና ምርኩዝ ያለውም ይሳካል። ለኔፕ ደግሞ ባቡሩን አርብ ማታ አረጋግጪ፤ ቅዳሜና እሁድ የሐዲድ ጥገና ይበዛል።